በባሕር ዳር በጥቂት ገንዘብ የኪራይ ቤት ሥራ እንዴት ይጀመራል?

በባሕር ዳር ቤት እያከራየ ለመኖር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሚሸጥ ቤት ነው፤ ዋጋውን ሲሰማም አሳቡን እዚያው ይተወዋል። እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው መፈለግ ያለበት ግን ሰፊ ግቢ ኖሮት ገንዘብ ያጠረውን ባለይዞታ ነው። በአባይ ማዶም ሆነ በሽምብጥ፣ ዋናው ቤት ከፊት ቆሞ ከኋላው ማንጎና ጌሾ ብቻ የበቀለበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ስምምነቱ እንዲህ ነው፦ እርስዎ በራስዎ ወጪ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ይሠራሉ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ኪራዩን ይሰበስባሉ፣ ዘመኑ ሲያበቃ ክፍሎቹን ለባለግቢው ያስረክባሉ።

ስሌቱን ለምሳሌ ያህል እንመልከት። ሁለት የጭቃ ክፍሎች ከነሊሾአቸውና ከነኮርኒሳቸው 300 ሺህ ብር ይፈጃሉ፣ እያንዳንዳቸውም በወር 4 ሺህ ብር ይከራያሉ ብንል፣ የዓመቱ ገቢ በወረቀት ላይ 96 ሺህ ብር ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ክፍሉ ባዶውን ያድራል፤ ለዚህ ከሁለቱም የአንድ አንድ ወር ኪራይ ሲቀነስ 88 ሺህ ይሆናል። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለሽንት ቤት ማስመጠጫና ለግብር 16 ሺህ ብር ቢነሣለት የሚቀረው 72 ሺህ ብር ነው። ወጪው የሚመለሰው ከአራት ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ የአምስት ዓመት ውል የሚያስገኘው ትርፍ 60 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ያውም ቆርቆሮውና ሲሚንቶው እስከዚያው ካልተወደደ ነው። በእኔ አስተያየት ሰባት ዓመት የማይቀበል ባለግቢ ቢገጥምዎ አመስግኖ ወደ ሌላ ግቢ መሄድ ይሻላል።

ለመነሻ ገንዘቡ እቁብ ከብድር ይመረጣል፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ ተከራይ ሳያገኙ አንድ ወር ቢዘገዩ የእቁብ ሰብሳቢን ማስታገስ የባንክን ወለድ ከማስታገስ ይቀላል። ብድር የግድ ከሆነም፣ ቀድሞ አብቁተ ይባል ከነበረው ከጸደይ ባንክም ይሁን ከሌላ፣ ኪራዩ መግባት ከጀመረ በኋላ ለማስፋፊያ ቢወሰድ ይመከራል።

ግቢ የሚታየው በክረምት ነው። ከተማው ሜዳማ ነው፤ የጣናም ውኃ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረም አካባቢ ስለሆነ፣ በጥር ደረቅ የነበረ ግቢ በነሐሴ ሌላ ግቢ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ክረምት ለሐይቁ ቀረብ ባለ ሰፈር ያየሁት ክፍል ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ባለቤቲቱን እማማን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ለበዓል ብለን ነው» አሉኝ፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ግን ምርጊቱ እንደ እርጥብ ሊጥ ተላቀቀ። የሽንት ቤቱን ክዳን ሲያነሡልኝም ውኃው ከአፉ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ማድረግ የማይቀር ወጪ ነው፤ ጉድጓዱም በየክረምቱ መመጠጥ ስላለበት ስሌቱን ከሥሩ ይለውጠዋል። ከደንገሉ ዳር የተቆረሰ ግቢ ከሆነ ጨርሶ ይለፉት፤ የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥበቃ) ክልል ሆኖ የተመዘገበ ከመሆኑም በላይ፣ ካርታ የሌለው የሐይቅ ዳር ይዞታ ዛሬ ቢከራይ ነገ መፍረሱ አይቀርም።

ከባለግቢው ጋር የሚደረገው ውል ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ካርታው በማን ስም እንደሆነ አይተው፣ ባለይዞታው ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲፈርሙ ያድርጉ፤ የግንባታ ፈቃዱ በባለይዞታው ስም ሳይወጣ አንድ ማገር እንኳ አይምቱ። ባለግቢው ቢሞት ወራሾቹ፣ ግቢውን ቢሸጥ ገዢው፣ ቤቱ ለልማት ቢነሣ ደግሞ ካሣው እንዴት እንደሚስተናገድ በጽሑፍ ይስፈር። ከተከራዮች ጋር የሚዋዋሉት በባለይዞታው ስም ከሆነም ይህን የሚፈቅድ ግልጽ ውክልና ያስፈልግዎታል፤ በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለውን የኪራይ ገቢ ግብር ማን እንደሚሸፍንም አስቀድሞ ይወሰን።

የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ በእሱ ቆርቆሮ መግዛት የቆየ ዘዴ ነበር፤ አሁን ግን አይታሰብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለተከራይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሆኑት በፔዳና በፖሊ አካባቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ደግሞ ነርሶች ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ወጪ ቢመስልም፣ በግቢ ውስጥ ከሚነሡ ጠቦች ግማሹ የመብራት ሒሳብ ስለሆነ አይቆጠቡበት።

ክፍል የሚሠራበት ገንዘብ እንኳ የሌለው ሰውስ? አሜሪካ ውስጥ ሆልሴሊንግ የሚባለው ሥራ፣ ማለትም ከሻጭ ጋር ተዋውሎ ያንኑ ውል በክፍያ ለሌላ ገዢ ማስተላለፍ፣ ያለ ካፒታል ይጀመራል ስለሚባል ብዙ ወጣቶችን ይማርካል። እዚያም ቢሆን ኢሊኖይን የመሰሉ ግዛቶች በተደጋጋሚ ለሚሠራው ሰው ፈቃድ ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ግንባታ ያልተጀመረበትን ቦታ አስተላልፎ ማትረፍን ስለገደበ፣ ባዶ ቦታ እያገላበጡ መነገድ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም። ለጀማሪ የሚቀረው ሕጋዊ መንገድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ካርታ ያለውን ቤት ከገዢው ወይም ከተከራዩ እያገናኙ ኮሚሽን መቀበል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ቀብድ በራስዎ እጅ አይቀበሉ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውሉን ያፈረሰው ቀብድ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ አድርጎ መመለስ ስላለበት፣ ገንዘቡ ከገዢው በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ፤ የባንኩ ደረሰኝ ቅጂም ከውሉ ጋር ይያያዝ።