ብርብራን በግቢዎ ለንብ እንዴት እንደሚተክሉ፣ ፍሬውንስ ከዓሣ እንዴት እንደሚያርቁ

ቀበና ወይም ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ዛፍ ልትከል ሲል ቶሎ ትዝ የሚለው አቮካዶ ወይም ጽድ ነው። ቀፎ ለሰቀለ ሰው ግን እኔ ብርብራን አስቀድማለሁ። በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዛፍ ነው፤ በደቡብ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ሐምራዊ አበባው በዘለላ ሲወጣ ንብ ወለላውንም ዱቄቱንም ትቀስምበታለች። ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቦታ ይምረጡ። ብርብራ እስከ 20 ሜትር ሊያድግ፣ ቅርንጫፉንም በሰፊው ሊዘረጋ ይችላል። ከቤትና ከጎረቤት አጥር 5 ሜትር ያህል ያርቁት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ፈጽሞ አይትከሉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ሽቦው ጋ ሲደርስ አናቱ ተመልምሎ ቀረ፣ ጥፋቱም የራሴ ነበር። ዛፉ በብዛት የሚገኘው ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሃል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ነን። ስለዚህ ከነፋስ የተከለለ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ይፈልጉለት፤ ቶሎ ካላደገም አይናደዱበት።

ፍሬው እንጨት በሚመስል ረጅምና ጠፍጣፋ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። ሽፋኑ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ይሰብስቡ፤ ነቀዝ የበሳውን ይጣሉ። አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው በችግኝ ፕላስቲክ ይሙሉና ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገቡት። መጋቢት ላይ የዘራ ሰው ለክረምቱ ችግኝ ይደርስለታል።

ጉድጓዱን በሰኔ ይቆፍሩ፣ 50 ሴንቲ ሜትር በጎንም በጥልቀትም ይበቃል። የላይኛውን አፈር ለብቻ ያኑሩና ሲተክሉ እሱን ከሥር ይመልሱት። ፕላስቲኩን ቀድደው ያውጡ! በየክረምቱ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሳላይ አልቀረሁም። የጥራጥሬ ዘመድ ስለሆነ ናይትሮጂንን ከአየር ያገኛል፣ ማዳበሪያ አይለምንም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ግን ውኃ ይለምናል።

ቀፎውን ዛፉ ሥር ማስቀመጥ ግድ አይደለም፤ ንብ ለአበባ ኪሎ ሜትሮች ትሄዳለች። ዋናው ጉዳይ መግቢያው ነው። ወደ በሩ ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር፤ ከፊቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር ካለ ንቧ ሽቅብ ወጥታ ትበራለች። ማር መቁረጥም አመሻሽ ላይ፣ ልጆች ቤት ከገቡ በኋላ ይሁን። ደግሞ አንድ ዛፍ አንድ መንጋ አይቀልብም። በአጥሩ ዙሪያ ግራዋ ይጨምሩ፤ የሰሜኑን ሰፈሮች የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ይረዳቸዋል። ዛፉ ሲያብብ ፀረ ተባይ አይርጩ።

አሁን ወደ ዓሣው። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ አበባው ንብ ይመግባል፣ ፍሬው ግን ሮቴኖን የሚባል ተባይም ዓሣም የሚገድል መርዝ አለው። መርዙ በዓሣው ስንጥብ በኩል ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል። ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። ዛሬ በብርብራ የሰበሰበ ሰው የከርሞውንም ጨርሶ ነው የሄደው። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው የሚጠላው ለዚህ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅም፣ ቁጥር 315/1995፣ በመርዝ ማስገርን ይከለክላል።

«ግቢዬ ውስጥ ወንዝ የለም» አይበሉ። የቀበና ውኃ አቃቂን፣ አቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ላይ ደግሞ ገበያችን ድረስ ዓሣ የሚልከው ቆቃ አለ። የወደቀውን ፍሬ ቦይ ውስጥ አይጥረጉት። ዓሣ ያለበት ኩሬ ካለዎትም ዛፉ በላዩ አይዘርጋ። ልጆች ፍሬውን እንዳይወቅጡትና ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት ይጠብቁ። ለዘር የሚሆነውን ለይተው የቀረውን ግቢው ውስጥ ይቅበሩት። ከበቀለ ለጎረቤት የሚሰጥ ችግኝ ነው።