ቪርቹዋል ማሽን አልነሳ ሲል እርዳታ እንዴት ይጠየቃል?

"አጎቴ፣ ኡቡንቱዬ አልነሳ አለኝ፤ ምን ላድርግ?"

የእህቴ ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የላከችልኝ መልእክት ይኸው ብቻ ነበር። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ በሙሉ ያለው ዊንዶውስ ላፕቶፗ ላይ፣ በቪርቹዋልቦክስ በጫነችው ኡቡንቱ ውስጥ ነው፤ ቪርቹዋልቦክስ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቪርቹዋል ማሽን፣ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ከእኔ በፊት የጠየቀችው ጓደኛዋ "አጥፊውና እንደ አዲስ ጫኚው" ብሏታል። እንኳንም አልሰማችው! ግን በልጁ አልፈርድም፤ "አልነሳ አለኝ" ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ እጅዎን ይሰብስቡ። ቪርቹዋል ማሽኑ ጨርሶ መዘጋቱን ካረጋገጡ በኋላ ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱት። ዊንዶውስ ላይ፣ ቦታውን ካልቀየሩት በቀር፣ በተጠቃሚ ስምዎ ፎልደር ውስጥ "ቪርቹዋልቦክስ ቪኤምስ" በሚለው ስር ያገኙታል። የዲስኩ ፋይል 10 ወይም 20 ጊጋባይት ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ይፈልጉ። ማሽኑን ከዝርዝሩ ላይ "ሪሙቭ" ብለው ሁሉንም ፋይሎች ሰርዝ የሚለውን ከመረጡ ግን ሥራዎ አብሮ ይሄዳል። ይህን ሳያውቁ ስንት ወር የለፉበትን ያጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ስለዚህ ነው ከሁሉ በፊት የጻፍኩት።

ቀጥሎ የት ላይ እንደሚቆም ይመልከቱ። የሚረዳዎት ሰው ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው፤ መንገዱ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

"ስታርት" ሲሉት መስኮቱ ሳይከፈት የስህተት መልእክት ብቻ ከወጣ፣ ችግሩ ኡቡንቱው ጋ ገና አልደረሰም። መልእክቱ ቪቲ-ኤክስን ወይም ኤኤምዲ-ቪን (ፕሮሰሰሩ ቪርቹዋል ማሽን ለማስኬድ ያለውን ድጋፍ) ከጠቀሰ፣ ታስክ ማኔጀር ከፍተው ሲፒዩ የሚለው ገጽ ላይ "ቪርቹዋላይዜሽን" ከሚለው ጎን ምን እንደተጻፈ ይዩ። "ዲስኤብልድ" (ጠፍቷል) ካለ የሚበራው ከላፕቶፑ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው ማስተካከያ፣ ነው። ብዙ ሰው "ኢ-ፌይል" የሚለውን ኮድ ብቻ ገልብጦ ይልካል፤ እሱ ለብዙ ዓይነት ችግር የሚወጣ ጥቅል ኮድ ስለሆነ ብቻውን ብዙም አይነግርም። ምክንያቱን የያዘው ከእሱ በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው።

መስኮቱ ተከፍቶ "ኖ ቡተብል ሚዲየም" ካለ፣ ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ አላገኘም ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ስቶሬጅ" ላይ ዲስኩ አሁንም መያያዙን ይዩና ያዩትን ይጻፉ።

ሊኑክሱ ተነስቶ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ወርቅ ናቸው። ፎቶ ያንሱ፤ ፊደሉ የሚነበብ፣ ስክሪኑ ያልተቆረጠ ይሁን።

ከዚያ ሎጉን፣ ማለትም ቪርቹዋልቦክስ ማሽኑ ሲነሳ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ያውጡ። ማሽኑን በቀኝ ጠቅ አድርገው "ሾው ሎግ" ይበሉ። ቆርጠው ሳይሆን ሙሉውን ፋይል ይላኩ። የተጠቃሚ ስምዎ በፋይል አድራሻዎቹ ውስጥ ስለሚታይ፣ ለማያውቁት ሰው ከሆነ መጀመሪያ ይተኩት።

አሁን መልእክቱ። የእህቴ ልጅ እነዚህን ካየች በኋላ ሁለተኛ የጻፈችልኝ እንዲህ ይላል፦

"ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ቪርቹዋልቦክስ 7.0፤ ውስጡ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ነው። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። ማታ ማሽኑ ክፍት እያለ መብራት ሄደ፤ ባትሪዬ ስለማይዝ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። አሁን ዝርዝሩ ላይ 'አቦርትድ' ይላል። ሳስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ 'ኢኒትራምኤፍኤስ' የሚል መጻፊያ ጋ ይቆማል፤ ከእሱ በላይ ኤስዲኤ3 በእጅ ኤፍኤስሲኬ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ሁለቴ አጥፍቼ አስነስቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ሌላ የነካሁት የለም። ፎልደሩን ቀድቻለሁ። የምፈልገው ውስጡ ያለውን ሥራ ነው፤ ማሽኑ ባይድን ግድ የለኝም። ፎቶውና ሎጉ ይኸው።"

"አቦርትድ" ማሽኑ በድንገት መቋረጡን ይናገራል፤ ኢኒትራምኤፍኤስ ሊኑክስ ዋናው ዲስክ ሳይከፈት የሚቆምበት የትእዛዝ መጻፊያ፣ ኤስዲኤ3 የዲስኩ አንድ ክፍል፣ ኤፍኤስሲኬ ደግሞ የዲስክን የፋይል ሥርዓት ፈትሾ የሚጠግን ትእዛዝ ነው። መብራት መሄዱን ባትጽፍ ኖሮ ገና ከባዮስ ጀምሬ ስጠይቃት አመሽ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት ግን "የምፈልገው ውስጡ ያለውን ሥራ ነው" ማለቷን ነው። ማሽኑን ማዳንና ፋይሉን ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዲስኩን ከሌላ ጤነኛ ማሽን ጋር አያይዞ ፋይሉን ብቻ ማውጣትም ይቻላል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ይንገሩ። የሞከሩትንም ምንም ሳይደብቁ ይጻፉ፤ ተሳስተው የነኩት ነገር ካለ በተለይ እሱን።

መልስ ሲመጣልዎ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ያስነሱ፣ ያዩትን ይጻፉ። ሦስት ምክር በአንዴ ከሞከሩ የትኛው እንደሠራ ወይም የትኛው እንዳባሰው እርስዎም ረዳትዎም አታውቁም።

የእሷን በተመለከተ፣ እዚያው መጻፊያ ላይ ኤፍኤስሲኬን በኤስዲኤ3 ላይ እንድታስኬድ፣ ሲጨርስ "ኤግዚት" ብላ እንድትወጣ ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ የኡቡንቱን መግቢያ ገጽ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩም "ኤፍኤስሲኬው ብቻ በቃ፤ ፕሮጀክቱ ተከፍቷል፤ አሁን ወደ ፍላሽ እየቀዳሁት ነው" ብላ ጻፈች።