የልብ ድካም ኪኒኖች ሲያስቸግሩ

የልብ ድካም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ዓይነት ኪኒን ይውጣል። አንዱ ሲያስቸግረው ሁሉንም እርግፍ አድርጎ የሚተው አለ። የሚያስፈራው ይሄ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ መላ አለው።

ደረቅ ሳል ከያዘዎት መጀመሪያ ኢናላፕሪልን ይጠርጥሩ። ይህ ኪኒን የደም ሥርን አስፍቶ የልብን ሸክም ያቀላል። በዚያው ግን ብራዲኪኒን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ያደርጋል። እሱ ሲጠራቀም ጉሮሮ ይከረክራል፣ አክታ የሌለው ሳል ይመጣል። የሳል ሽሮፕ መግዛት ብር ማባከን ነው። ሐኪም ወደ ሎሳርታን ወይም ቫልሳርታን ሲቀይርልዎ ሳሉ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ሳምንታት ይወስዳል። ጋደም ሲሉ የሚብስና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳል ግን ሌላ ነው። ሳንባ ውኃ መያዙ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ደግሞ ኪኒኑን አይድገሙ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሌሊት ሽንት ቤት የሚያመላልስዎ ላሲክስ ከሆነ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያወጣ ስለሚያደርግ ጠዋት ነው የሚዋጠው። ባትዎን ቁርጠት ከያዘው ላሲክስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አውርዶት ይሆናል። ፖታሲየም አለው ብለው በራስዎ ሙዝ ከማብዛትዎ በፊት ደም ይመርመሩ፤ ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን የሚባለው ሌላው የልብ ድካም ኪኒን በተቃራኒው ፖታሲየም ያስቀራሉ፣ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ያዛባል።

ወንዶች አፍረው የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ጡት ያብጣል፣ ያማል። ስፒሮኖላክቶን ነው። ይንገሩ፣ ኤፕሌሬኖን የሚባል ምትክ አለው።

ብድግ ሲሉ ካዞረዎት ግፊትዎ ወርዷል ማለት ይሆናል። ትንሽ ቁጭ ብለው ይነሱ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ፣ ወይም ጾም ሊይዙ ካሰቡ፣ ኪኒኑን በገዛ እጅዎ ሳይዘሉ ሐኪሙን ያማክሩ።

ካርቬዲሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ሲጀመር ሰውነት ይዝላል። ልብን ከልክ በላይ ከሚያሯሩጣት አድሬናሊን ስለሚከላከል ነው። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይለምዱታል። ራስዎን ከሳቱ ወይም ምትዎ በደቂቃ ከ50 ከወረደ ሳይዘገዩ ይታከሙ። በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው።

ሁሉን በሥርዓት እየዋጡ እግርዎ ካበጠ፣ ወይም ክብደትዎ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የሚዋጡትን የሕመም ማስታገሻም ይናገሩ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውኃ ያስቋጥራሉ።