ሃይሉክስን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ መግጠም

ፒክአፕ ከፍ የሚያስደርግ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት ሻንሲውንና ቦዲውን እንጂ የኋላውን ዲፈረንሻል (አክስሉ መሃል ያለውን የጥርስ ቤት) አይደለም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማው ነው፤ እሱም የጨመረውን ቁመት ግማሽ ብቻ ይሰጣል። ከ265/65/17 (ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የጎን ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬ በኢንች) ወደ 265/70/17 ሲቀየር የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ያድጋል፣ ዲፈረንሻሉም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል። በ285/70/17 ቁመቱ 831፣ ትርፉ 27 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአዳማ ወጣ ብሎ ለወንጂ ጭቃም ሆነ ለመተሃራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ 265/70 ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጋር ይበቃል።

ምንም ከመፍታትዎ በፊት ባዶውን መኪና ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው፣ በአራቱም በኩል ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለክተው ይጻፉ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማው አየር ያሳስታል።

ቪጎ የሚባለው ሞዴልና ከእሱ ወዲህ የመጡት ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክሶች ፊታቸው ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የታሰሩበት ነው። ይህ እግር የሚያርፈው የታችኛው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ ከላይ የገባ 1 ሴንቲ ሜትር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 2 ይጠጋል። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። «5 ሴንቲ ሜትር ይነሳልኝ» ተብሎ ቶርኖ ቤት 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር (ከእግሩ በላይ የሚገባ ማንሻ) ይታዘዛል፤ ፊቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ተሰቅሎ ይቀራል። ኃይልን ወደ ፊት ጎማው የሚያስተላልፈው ሲቪ ጆይንት ከአቅሙ በላይ ያዘነብላል፣ ላስቲኩ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ወጥቶ አቧራ ይገባል፤ ከዚያ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር በቂ ነው። አቅም ካለ ግን ረዘም ያለ ሞላ ከነአሞርዛተሩ መግዛት ይሻላል።

ሲፈታ ሻንሲው በጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተሰቀለ መኪና ሥር አይገባም። ከላይ ያሉት 3 ዳዶዎችና የታችኛው ብሎን ይፈታሉ። የመሃሉን ዳዶ ግን በፍጹም አይንኩ! የታመቀውን ሞላ ይዞ ያለው እሱ ነው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ ከተፈታ ሰው ይገድላል። የክንዶቹ ብሎኖች ተፈትተው ከነበረ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን። አየር ላይ ከተጠበቁ በክንዶቹ መጋጠሚያ ያለው ላስቲክ (ጎሚኒ) ተጠምዞ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል።

ለኋላው የሚመረጠው ቅስት ያለው አዲስ ባሌስትራ ወይም አንድ ተጨማሪ ቅጠል ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚጭን መኪና ተጨማሪ ቅጠሉን ይችለዋል፤ ባዶውን የሚውል ግን ይነጥራል። የደከመ ባሌስትራ በእሳት አግሎ ማጉበጥ ርካሽ ቢሆንም፣ ብረቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባው ማንሻ፣ ብሎክ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይደራረብም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ የተሳቡት ዳግመኛ አጥብቀው አይዙም። በመስቀልኛ እያፈራረቁ ያጥብቋቸው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፍሬን ነው። ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የምትሄድ ቀጭን ዘንግ ካለች፣ ጭነት እየለካች የኋላ ፍሬኑን የምትመጥነው እሷ ናት። መኪናው ከፍ ሲል ባዶ ነው ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች፤ ጭነት ይዞ ከአሰላ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ አደጋ ነው። ማሰሪያዋ በተነሳው ልክ ይስተካከል። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳልተወጠረም በእጅዎ ይዳስሱ።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ ትከሻውን ጠመኔ ይቀቡትና አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጥተው መሪውን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ ያዙሩ። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ የሚነካበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ነው፣ ይቆረጣል።

ዊል አላይመንት ሲያሠሩ ካስተሩም (የፊት ጎማው መሪ ሲዞር የሚሽከረከርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያጋድልበት መጠን) እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ መኪናው ሲነሳ ካስተሩ ስለሚቀንስ በፈጣን መንገዱ ላይ መሪው ይዋልላል። በ285/70 ቆጣሪው 100 ሲል ትክክለኛው ፍጥነት 107 ገደማ ነው፣ በ265/70 ደግሞ ከ103 በላይ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቦልቶቹንና የጎማ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ፤ ስኮርታውንም በአዲሱ ቁጥር ይቀይሩ።