ቁምጣን ከነወጉ መልበስ፦ ለጎጃም ከተሞች ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አባቱ ወይም አያቱ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በቡሬ ወይም በዳንግላ ገጠር ቁምጣ ለብሶ ሲያርስና ገበያ ሲወጣ እያየ ላደገ፣ ዛሬ ግን በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ እየኖረ ያንኑ ልብስ መልበስ እየፈለገ ለሚያፍር ሰው ነው። ማፈሩ አይገርምም። ቁምጣ በገጠር የሥራ ልብስ ነው፤ የክረምት ጭቃ የሱሪን ጫፍ ስለሚያከብድ፣ ወንዝ መሻገርና ዳገት መውጣትም የየዕለት ጉዳይ ስለሆነ፣ ገበሬው ጉልበቱን ነፃ የሚያደርግ ልብስ መምረጡ ብልሃት ነበር። ከተማ ሲገባ ግን ያው ልብስ የለባሹን ኑሮ እየመሰከረ መሳለቂያ ሆነ፤ ለትምህርት ከተማ የገባ ወጣትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው እሱን ሆነ።

የእረኛና የገበሬ ልብስ ከንቀት ወደ ክብር ሊመለስ መቻሉን ለሚጠራጠር ሰው የስኮትላንድን ኪልት ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ኪልት ከሱፍ የሚሠራ፣ ከኋላው የተሸነሸነ፣ ከፊቱ ሽንሽን የሌለው፣ ጫፉ ጉልበት መሐል ላይ የሚያርፍ የወንድ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 ከተነሣው ዐመፅ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ በ1746 ባወጣው ሕግ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ከሚያገለግሉት በስተቀር፣ የስኮትላንድ ወንዶች ይህን የደጋማው አገር ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበት 6 ወር ይታሰራል፣ የደገመም ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል ተባለ። ሕጉ በ1782 ተሻረ፤ በ1822 ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን በጎበኘ ጊዜ ራሱ ኪልት ለብሶ በመታየቱ ልብሱ የመላ አገሪቱ መለያ ወደ መሆን ተሻገረ። ዛሬ ስኮትላንዳዊ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ኪልት ለብሶ መታየቱ የተለመደ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ልብሱ አብረው የሚለብሱበት ጊዜና ቦታ፣ እንዲሁም ሁሉም የሚያውቀው የአለባበስ ደንብ የተበጀለት መሆኑ ነው። የእኛን ቁምጣ ማንም በአዋጅ አልከለከለውም፤ ያራቀን ሐፍረት ብቻ ስለሆነ መመለሻው ከስኮትላንዳውያኑ ይልቅ ለእኛ ይቀላል።

የመጀመሪያው ሥራ ማሰፋት ነው። ከመደብር የሚገዛ የስፖርት ቁምጣ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ የባህል ቡድኖች መድረክ ላይ የሚለብሱት የሚያብረቀርቅ ጨርቅም ከሩቅ ያምር እንደሆነ እንጂ በቅርብ ሲታይ ገበሬውን መስሎ ለመጫወት የተሰፋ ይመስላል። በገበያ ቀን ወደ አንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ ሄደው በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ለገበሬዎች የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ቢፈልጉ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ባለሙያ የአካባቢውን ልክ፣ የኪሱን አቀማመጥና የጥልፉን ዓይነት ሳይነገረው ያውቃል። ቀለሙን በተመለከተ በጎጃምና በአዊ ገጠር ዓይን የለመደው አረንጓዴ ነው፤ ካኪም ይለበሳል። ጨርቁ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ስስ ጨርቅ ጭኑ ላይ ይለጠፋል፣ ሲታጠብም ቅርጹን ያጣል። ጫፉ ቀጥ ብለው ቆመው ሲለካ ከጉልበትዎ ሎሚ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ቢል በቂ ነው። ከዚያ ካጠረ ዝቅተኛ ዱካ ላይ መቀመጥ ያስቸግራል፤ ጉልበትን ከሸፈነ ደግሞ ያለ ልክ የተቆረጠ ሱሪ ይመስላል። ጭኑ ላይ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ልኩን የሚያረጋግጡት በመስተዋት ፊት በመቆም ሳይሆን ቁጢጥ ብለው በመነሣት፣ እግርዎን አንሥተው ደረጃ በመውጣትና እስክስታውን በመሞከር ነው። የሚጎትት ወይም የሚቀድ መስሎ ከታየዎት እዚያው ያስተካክሉት፤ ቀኑን ሙሉ ልብሱን የሚነካካና የሚያወርድ ሰው ሌሎች ሳያዩት ራሱ ልብሱን ሲያይ ይውላል፣ ድፍረት የሚጎድለውም ከዚያ ነው። ጥልፉን ግን አያብዙት፤ በኪሱ አፍና በጫፉ ዙሪያ ያለው ይበቃል።

ቁምጣ ብቻውን አይለበስም። ከላይ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ፣ የሚቻል ከሆነም ከቁምጣው ጋር ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ኮት፣ በትከሻ ላይ ደግሞ ጋቢ ወይም ኩታ ያስፈልገዋል፤ በደጋው፣ በተለይ በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ ብርዱ ስለሚበረታ ጋቢው ጌጥ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ጋቢውን አደግድጎ መቆም የቆየ ወግ ስለሆነ፣ ይህን ማጣፋት ከአባትዎ ወይም ከአጎትዎ ይማሩት፤ ከተማ ያደገ ሰው ጋቢን እንደ ብርድ ልብስ መጠቅለሉ ወዲያው ያስታውቃል። ለእግር በረባሶ፣ የቆዳ ሰንደል ወይም ገጠሩ የለመደው ኮንጎ ጫማ ይሆናል። ረጅም ካልሲ አይጨምሩ። ዱላው የአለባበሱ አካል ቢሆንም ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃውን ስለሚያነጋግር ወደ ከተማ አገልግሎት ሲሄዱ ቤት ይተውት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለብሱበትን ቀን መምረጥ ከስፌቱ የማይተናነስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዘቦት ማክሰኞ ብቻዎን ለብሰው አስፋልት ላይ መውጣት ጀግንነት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ሰው ልብስን የሚያነበው ከአጋጣሚው ጋር ነው። ከተራ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በማግስቱ ጥምቀት ሲከበር፣ ወይም በዚሁ ወር በሚበዛው ሠርግ ላይ ቁምጣ ለባሽ እንግዳ አይሆንም። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአዊ ፈረሰኞች በዓል ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ያጌጡ ፈረሶችና በአካባቢው ልብስ የተዋቡ ሰዎች ሜዳውን በሚሞሉበት ቀን ሱሪ የለበሰው ራሱ ተለይቶ ይታያል። ከዚያ ቀን ቀደም ብለው ሁለት ወይም ሦስት ባልንጀሮችዎን አሳምነው አብረው ያሰፉ፤ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ጨርቅ ዋጋውንም ያቀልላል። ጓደኛዎ የሚያገባ ከሆነ ለሚዜነት አንድ ዓይነት ቁምጣ ማሰፋትን ሐሳብ ያቅርቡለት፤ ሙሽራው ፈቃደኛ ካልሆነ ግን በሠርጉ ላይ አይከራከሩት።

ከዚያም የሚስቅ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ሳቅ የወዳጅ ጨዋታ ስለሆነ በጨዋታ ይመለሳል፤ ጎጃሜ ደግሞ ለመልስ አያንስም። ገበሬውን በሚያንቋሽሽ ቃል የሚናገር ካጋጠመዎት ግን አብሮ መሳቅ አይገባም፤ አባቴ ይህንኑ ለብሶ አሳድጎኛል ብሎ በረጋ ድምፅ መመለስ በቂ ነው። በልብሱ አማካይነት ገጠሬውን አስመስሎ መቀለድ፣ አነጋገሩንም ማስመሰል፣ በራስ ወገን ላይ የሚፈጸም ንቀት ስለሆነ ከቡድንዎ መካከል እንዲህ የሚያደርግ ካለ ሊነግሩት ይገባል።

አንድ በዓል ያገናኘው ቡድን ካልተጠበቀ ይበተናል። ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ማኅበርና ዕቁብ አገሩ የሚያውቃቸው ናቸው። ወርኃዊ ቀን ቆርጠው በየተራ በየቤቱ ተገናኝተው፣ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ዕጣ የደረሰው ቁምጣና ጋቢ እንዲያሰፋበት ቢያደርጉ፣ ማሰፋት ያልቻለውም ሳያፍር ይገባል። ከሁሉ በላይ ቁምጣን ለአንድ ቀን እንኳ ያልተዉ አረጋውያን ገበሬዎችን ይጋብዙ። ቀረርቶና ሽለላ የሚያውቅ አዛውንት በመካከላችሁ ቢቀመጥ ስለ ልብሱ ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱ፣ ስለ ዘመድ ቆጠራውና ስለ አርበኝነቱ ዘመን የሚያወራው ብዙ ነው፤ ለሥራ ከሌላ አውራጃ መጥቶ ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ የሌለው ወጣትም በእንዲህ ያለው ቤት የአገሩን ሰው ያገኛል። ሲጠሯቸው አንቱታውንና የተቀመጠላቸውን ቦታ አይርሱ፤ ለማሳያ የመጡ እንዳይመስላቸው ማዕዱ ላይ መጀመሪያ እጃቸውን የሚታጠቡት እነሱ ይሁኑ።

የማይለበስበትንም ማወቅ ተገቢ ነው። የመሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ ባለበት ሥራ ላይ አለቃን ሳያማክሩ አይልበሱት። ገበሬው ለቅሶ የሚሄደው የዘወትር ቁምጣውን ለብሶ ቢሆንም፣ አዲስና ባለጥልፍ የሆነውን ለብሶ ሐዘን ቤት መግባት የደስታ ልብስ ለብሶ እንደ መሄድ ይቆጠራልና ያረጀውን ወይም ሱሪ ይልበሱ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጋቢው ሰፊና ነጭ ሆኖ ከጉልበት በታች የሚወርድ ይሁን፤ ቅጽር ውስጥ የሚያስታውስዎት አባት ካለም ሳይከራከሩ ይታዘዙ። ለልጅ የሚያሰፉ ከሆነ ልብስ ሰፊው የወገቡንና የጫፉን እጥፋት ሰፋ አድርጎ እንዲተው ይንገሩት፤ ልጁ ሲያድግ ለሚመጣው ጥር ተፈቶ ይረዝማል።