የዕቃ ኮከብ እስከ ምን ድረስ ይታመናል? የቤት ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ምዘናን እንዴት እንደሚያነቡ

ባለፈው ዓመት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልገዛ ስል ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ የገዢዎችን አስተያየት ሳነብ ከረምኩ። የመረጥኩት አውቶማቲክ ማሽን ከአምስት 4.7 ኮከብ ነበረው፤ ኮከቡን የሰጡትም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ማሽኑ መጣ፣ አራት ወጣቶች ተጋግዘው ሦስተኛ ፎቅ አደረሱልን፣ ተገጠመ። እኛ ያለንበት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው፤ በማይመጣበት ቀን የምንጠቀመው በረንዳ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ማሽኑ ከሮቶው ጋር ሲገናኝ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ገባ። ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ፣ ጢጥ ጢጥ ብሎ የብልሽት ምልክት አሳየና ቆመ።

መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው። የሚፈልገው ዝቅተኛ የውሃ ግፊት 0.5 ባር ይላል። ውሃ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ነው፤ ስለዚህ ሮቶው ከማሽኑ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበት ማለት ነው። የእኛ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። አስተያየት የጻፉት ሰዎች አልዋሹኝም፤ ማሽኑም ደህና ማሽን ነው። ግን ቧንቧቸው ቀን ከሌት የሚፈስላቸው ሰዎች ስለ ውሃ ግፊት ምን ብለው ይጻፉ? ኮከቡ የለካው የእነሱን ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስገዛ የምሄድበት መንገድ ተለውጧል። ምዘናን ማንበብ አልተውኩም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ አነባለሁ። አነባበቤ ነው የተለየው።

1. መጀመሪያ የራስዎን ቤት ይጻፉ

ስልክ ከመክፈትዎ በፊት ወረቀት ያንሱ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ከቧንቧ ነው ወይስ ከሮቶ ወይስ በጀሪካን? መብራት ምን ያህል ይቆራረጣል? ማታ ሁሉም ቤት እንጀራ ሲጋገር አምፖሉ ይደበዝዛል? (አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ አንድ ብሎክ በአንድ ጊዜ ሲጋግር ለውጡ ይታያል።) በሩ ስንት ሳንቲሜትር ነው? ደረጃው ላይ መጠምዘዣው ፍሪጅ ያሳልፋል?

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ዕቃ ከሆነ ደግሞ አንድ መስመር ይጨምሩ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። ሞተር ያለው ዕቃ እዚያ ባገኘው ነጥብ እዚህ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ይህ ወረቀት ከየትኛውም ኮከብ ይበልጥ ገንዘብ ያድናል። እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መስመር ላይ «ውሃ ከሮቶ» የሚል ይኖር ነበር።

2. ኮከቡን ማን እንደሰጠው ይለዩ

በአንድ ስም «ምዘና» የምንላቸው ነገሮች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በላቦራቶሪ የሚፈትኑ የሸማች ድርጅቶች ውጤት ነው። በአሜሪካ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኮንሲዩመር ሪፖርትስ፣ በእንግሊዝ በ1957 የተጀመረው ዊች፣ በጀርመን በ1964 የተቋቋመው ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት ይጠቀሳሉ። ዕቃውን እንደማንኛውም ሰው ከሱቅ ገዝተው ነው የሚፈትኑት፤ ፋብሪካ መርጦ የላከላቸውን አይደለም። ስለ ማቀዝቀዝ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለሚፈጀው መብራት የሚሰጡትን ቁጥር እኔ አምናለሁ።

ስህተት ግን እነሱም ይሠራሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሕፃናት የመኪና መቀመጫዎችን ፈትኖ አብዛኞቹ ወደቁ ብሎ አወጣ። ቆይቶ እንደታወቀው የጎን ግጭቱ ፈተና ከታሰበው እጅግ በላቀ ፍጥነት ነበር የተደረገው። ባወጡት በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ውጤቱን ራሳቸው በይፋ ሳቡት። እኔ ይህን ሳውቅ እምነቴ አልቀነሰም። ስህተቱን በአደባባይ የሚያነሳ መዛኝ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው የገዢዎች ኮከብ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ፋብሪካው ራሱ የሚለጥፈው ነው። ሱቅ ስንገባ ሻጩ በጣቱ የሚያሳየን ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። «ሲኢ» የሚለው ምልክት ለአብዛኛው የቤት ዕቃ አምራቹ የአውሮፓን ደንብ አሟልቻለሁ ብሎ ራሱ የሚሰጠው ቃል እንጂ የጥራት ሽልማት አይደለም። የመብራት ፍጆታ መለያውንም ልብ ይበሉ፦ አውሮፓ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፍሪጅና ለልብስ ማጠቢያ «ኤ ሦስት ፕላስ» የሚለውን ትቶ ከኤ እስከ ጂ ወዳለው አዲስ መለኪያ ገብቷል። አዲሱ መለኪያ ስለጠበቀ በአሮጌው «ኤ ሁለት ፕላስ» የነበረ ዕቃ በአዲሱ ዝቅ ያለ ፊደል ያገኛል። ሁለቱም ዓይነት መለያ አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቆም ስለሚችል በፊደል ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ የተጻፈውን ያንብቡ (ለፍሪጅ በዓመት ነው የሚጻፈው፤ በአዲሱ የልብስ ማጠቢያ መለያ ላይ ግን ለ100 እጥበት ነው)፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት አለካክ ስላልተለኩ ግን ይህንንም እንደ ግምት ይያዙት።

3. የገዢዎችን ኮከብ ከመሃል ጀምረው ያንብቡ

አማካዩን ይለፉት። አምስት ኮከብ ሰጥቶ «በጣም አሪፍ፣ ዛሬ ደረሰኝ» የሚል ሰው ስለ ካርቶኑ ነው የሚያወራው። አንድ ኮከብ ከሰጡት ብዙዎቹ ደግሞ አድራሹ ስላስቆያቸው የተናደዱ ናቸው። ቁም ነገሩ ያለው ሁለት፣ ሦስትና አራት ኮከብ የሰጡት ዘንድ ነው፤ ወደዱም ጠሉም ምክንያታቸውን ይዘረዝራሉ። ከእነሱም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ተጠቅመው የጻፉትን ፈልጉ። በሦስት ሰው የተሰጠ ሙሉ አምስት ኮከብ፣ በሁለት ሺህ ሰው ከተሰጠ 4.3 ያነሰ ዋጋ አለው።

የተገዛ አስተያየትም አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ያወጣው ነገሩ ስለበዛ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚገዛው በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ስለሆነ፣ ሻጩ «ደንበኞቻችን ምን ይላሉ» ብሎ የሚለጥፈው የቻት ፎቶ ሻጩ መርጦ ያወጣው መሆኑን አይርሱ። አስተያየት መስጫውን የዘጋ ቻናል ላይ እኔ አልገዛም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገውን አንድ ነገር ያድርጉ፦ ቅሬታውን ከመጀመሪያው ወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። አውቶማቲኩን ከሸጥኩ በኋላ ባለ ሁለት ጋን ማሽን ስፈልግ ያገኘሁት 3.8 ኮከብ ነበረው። ቅሬታዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። «ውሃውን ራስህ መሙላት አለብህ»፤ «አጠገቡ ቆመህ ልብሱን ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ማዛወር አለብህ»። ሞተሩ ተቃጠለ ያለ አንድም ሰው አላየሁም። ውሃ በባልዲ የሚቀበል ማሽን ነበር የምፈልገው፤ ኮከቡን የቀነሰበት ነገር ለእኔ ዋናው መልካምነቱ ሆነ። አሁንም እየሠራ ነው።

4. ነጥቡን ለራስዎ እንደገና ያስሉት

መዛኞች የሚሰጡት ጠቅላላ ነጥብ የብዙ ነጥቦች ድምር ነው፤ የትኛው ስንት እጅ እንደሚይዝ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ፍሪጆችን እናስብ። የመጀመሪያው በማቀዝቀዝ 9፣ በጸጥታ 9፣ በመደርደሪያ ምቾት 9፣ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜ በመያዝ 4 አገኘ። ሁለተኛው በዚያው ቅደም ተከተል 7፣ 6፣ 6 እና 9 አገኘ። መዛኙ ለማቀዝቀዝ 40 በመቶ፣ ለጸጥታ 20፣ ለምቾት 30፣ ቅዝቃዜ ለመያዝ 10 ቢመድብ የመጀመሪያው 8.5፣ ሁለተኛው 6.7 ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ግን 40፣ 10፣ 10 እና 40 ብሎ ቢመድብ የመጀመሪያው 7.0፣ ሁለተኛው 7.6 ይወጣል። ፈተናው ያው ነው፣ አሸናፊው ተቀየረ። ይህ በስልክ ካልኩሌተር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

5. የተመዘነው ዕቃ ይኸው መሆኑን ያረጋግጡ

አንድ የምርት ስም ለጀርመን፣ ለዱባይና ለቻይና የሚያመርተው ይለያያል። ስሙ ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩ ነው የሚመሳከረው፤ መጨረሻው ላይ ያሉት አንድ ሁለት ፊደሎች እንኳ ሲለያዩ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ስቲከሩን ልየው» ይበሉት። ስቲከሩን ለማሳየት የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ አለ።

ፍሪጅ ከሆነ እዚያው ስቲከር ላይ ማንም ልብ የማይለው የአየር ጠባይ ምድብ አለ። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተሠራ ማለት ነው። እኛ ሁሌ የምንፈራው ሙቀትን ነው። ነገር ግን የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱና የለገጣፎ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ምን ያህል እንደሚበርድ የምናውቀው እኛ ነን። ጎረቤቴ ለገና ብላ ላይኛው በረዶ ቤት ያስቀመጠችው ሥጋ ጠዋት ጠዋት ለስልሶ ታገኘው ነበር። ጋዝ አልቋል ተብላ አስሞላች፤ አልተሻለም። ፍሪጁ «ቲ» ነው፣ ያለውም አንድ ቴርሞስታት (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ) ብቻ ነው፤ እሱም ታችኛውን ክፍል ነው የሚያዳምጠው። የኩሽናዋ ብርድ ታችኛውን ክፍል በቂ አድርጎ ስለሚያቀዘቅዘው ሞተሩ ብዙ አይነሳም፣ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ በረዶ ቤቱ ይለሰልሳል። ፍሪጁን ሞቅ ወዳለው ሳሎን አዛወረችው፣ ችግሩ ቆመ።

ከፍታውም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ላይ የተፈተነ የግፊት ድስት «ባቄላ በ25 ደቂቃ» ካለ እዚህ ትንሽ ይጨምሩበት።

6. የሚጠግነውን ሰው ይጠይቁ

እኛ ሰፈር ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ፍሪጅና ማሽን የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» ስላቸው ቀጥታ አልመለሱልኝም። «ልጄ፣ የትኛው ጥሩ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ። የትኛው ዕቃው መርካቶ ይገኛል ብለሽ ጠይቂኝ» አሉኝ። በበኩሌ ከላቦራቶሪው ነጥብ ጎን ለጎን የማስቀምጠው ይህን ነው። የበር ላስቲክ፣ የማሽን ቀበቶ፣ የሰዓት መቁጠሪያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ፦ እነዚህ የሚገኙለት መካከለኛ ዕቃ፣ መለዋወጫ ከሌለው ባለ ከፍተኛ ኮከብ ይሻለኛል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ። ጠጋኝ የሚያየው የተበላሸውን ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ የአንድ ምርት ፍሪጅ ከያዘ ደጃፉ ላይ የሚከመረውም እሱ ይሆናል፣ ይህም ፍሪጁን መጥፎ አያሰኘውም። ስለዚህ «የቱ ይበዛል?» ሳይሆን «ሲመጣ ምኑ ተበላሽቶ ነው? ከስንት ዓመት በኋላ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ሰው ዘንድ ይሂዱ።

ምጣድን የሚመዝን የውጭ መጽሔት አላየሁም። ለምጣድ ጎረቤት ነው መዛኙ፤ ሲጋገር ሄደው ይዩ። ዳርና ዳሩ እኩል ይበስላል ወይ? ሶኬቱ ሲነካ ይሞቃል ወይ?

7. ሱቅ ሲደርሱ

ሰክተው ያስሞክሩ። ደረሰኙ ላይ የሞዴልና የመለያ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ዋስትናውም በጽሑፍ ይሁን፣ የሚጠግኑበት አድራሻ ያለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ስላየን ወይም ዋጋ ስለተከራከርን ለመግዛት እንደማንገደድ ደንግጓል፤ ስለዚህ ሻጭ ፊቱን ቢያጠቁር አይሸማቀቁ። ፍሪጅ ከሆነ ቤት ሲደርስ ጥቂት ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ይሰካ።

ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ እርስዎም ይጻፉ፣ ቤትዎን ጭምር። እኔ ስለ ባለ ሁለት ጋኑ ማሽን የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ኮዬ ፈጬ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀሪው ከሮቶ በባልዲ። ሰባት ወር ሆነው። ብርድ ልብስ አይችልም፣ አንሶላና የልጆች ዩኒፎርም በደንብ ያጥባል። መጭመቂያው ጋን ሚዛኑን ከሳተ ይንቀጠቀጣል፣ ልብሱን እኩል አድርጎ መደልደል ነው። ቀበቶው አንዴ ተቀየረ፣ መርካቶ ተገኘ። አራት ኮከብ።»