ፍላሹ ባዶ ሆኖ ትልቅ ፋይል አልቀበል ሲል

ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ 6 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ልገለብጥ ስል ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ፍላሹ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል! ትንንሽ ፋይሎች ደግሞ ያለምንም ችግር ይገባሉ። ስለዚህ ፍላሹም ሆነ የዩኤስቢ መሰኪያው አልተበላሸም።

ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ነክቼ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስገባ ፋይል ሲስተሙ ፋት32 ይላል። ጉዱ እዚህ ነው። ፋይል ሲስተም ማለት የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠና መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚይዝ መዝገብ ነው። ፋት32 የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፈው በ32 ቢት ነው። በ32 ቢት (በ32 የዜሮና የአንድ አሃዞች) የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ ይህም በባይት ሲቆጠር 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት የቀረው ነው። ስለዚህ ፍላሹ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ፋይል ሲስተሙን መቀየር። ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያሉትን ፋይሎች ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥኩ። ከዚያ ቀኝ ክሊክ፣ ፎርማት፣ ኤክስፋት (ትልቅ ፋይል የሚቀበል ሌላ ፋይል ሲስተም)፣ ስታርት። አለቀ፤ ቪዲዮው ገባ። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተምም ትልቅ ፋይል ይቀበላል፤ ግን ማክ ኮምፒውተር እንዲሁ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ለፍላሽ ኤክስፋት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖችና የመኪና ቴፖች ግን ከፋት32 ውጪ አያነቡም።

በነገራችን ላይ፣ ፍላሹ 32 ተብሎ ተሽጦ ዊንዶውስ 29.8 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ብሎ።